በርቀት መማር፣ በሩቅ ማስተማር፦ ከኮልፌ ቀራኒዮ የታየ የሁለተኛ ዲግሪ ምርጫ

መግቢያ

በግንቦት 2016 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አየር ጤና አካባቢ በሚገኘው ቤታችን፣ የሦስት የርቀት ትምህርት ፕሮግራሞችን መግለጫ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ሦስቱም እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ማስተማርን የሚመለከቱ፣ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጡና ከአገር ሳይወጡ የሚጠናቀቁ ነበሩ። አንዱ ርካሽ ነበር፤ ሁለተኛው ስሙ የገነነ ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ ከአመልካቹ ብዙ ነገር የሚጠይቅ ነበር። የዚያን ዕለት ከሦስቱ መጀመሪያ ወደ ጎን ያደረግሁት ሦስተኛውን ነው።

በዚያን ጊዜ በክፍለ ከተማችን ባለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ሐርጌሳ ሄዳ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር፤ ደመወዟን በዶላር ትቀበላለች፣ ለቤተሰቧም ትልካለች። እኔም እንደ እርሷ ወደ ውጭ ሄጄ ማስተማር እፈልግ ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ መሄድ አልፈለግሁም። ሥራ ትቶ በመደበኛ መርሐ ግብር መማርም አይታሰብም ነበር። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ታናሽ ወንድሜም ገና ተማሪ ነው፤ የቤቱ ቋሚ ገቢ የእኔ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ በርቀት መማር ነበር።

ይህ ጽሑፍ ያንን ምርጫ እንዴት እንዳደረግሁና ምን እንዳስከፈለኝ ይተርካል። የየትኛውንም ተቋም ስም ለማስተዋወቅም ሆነ ለማጥላላት አልተጻፈም፤ ስለዚህ ያመለከትሁባቸውን ፕሮግራሞች በስም አልጠቅስም። የማቀርበው መከራከሪያ አንድ ነው፦ ለመምህርነት የሚሆን የርቀት ትምህርት ሲመረጥ ከዋጋና ከዝና በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ፕሮግራሙ ተማሪውን ሲያስተምር ያየዋል ወይስ አያየውም የሚለው ነው። እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው።

የርቀት ትምህርትና የአመኔታ ጥያቄ

በርቀት መማር በእኛ አካባቢ የተከበረ ስም የለውም። “በተልዕኮ ነው የተማረው” የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ከአድናቆት ይልቅ ጥርጣሬ አለበት። ታሪኩ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በግቢው ያልተማሩ ሰዎች ፈተናውን አልፈው ዲግሪ እንዲያገኙ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. በ1946 በርቀት ማስተማር ጀመረ። የብሪታንያው ክፍት ዩኒቨርሲቲ በ1969፣ የህንዱ ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1985 ተመሠረቱ። ከእነዚህ ሁለቱ እኛ ዘንድ ደርሰዋል፦ ዩኒሳ አቃቂ ላይ የመማሪያ ማዕከል አቋቁሟል፤ የህንዱ ዩኒቨርሲቲም ከቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን አስተምሯል።

ለሰፈሬ ሰዎች ስለ ርቀት ትምህርት ስነግር የምጠቅሰው አንድ ምሳሌ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት የወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ግቢ ነው። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ወደ አገራቸው ተጠሩና ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ታሰሩ። እኚህ ሰው የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከረጅም ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ገና እስር ላይ ሳሉ ነው፤ የተማሩትም በዩኒሳ በርቀት ነው። ከኮልፌ አልፎ ታሪክ የሠራ ሰው በርቀት ተምሯል ስል ሰው ይስቃል፤ ይሁንና ጥርጣሬው ትንሽ ይቀንሳል።

ጥርጣሬው ግን መሠረት የሌለው አይደለም። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የርቀት ትምህርትን በአጠቃላይ ያገደ መመሪያ አውጥቶ ነበር። እገዳው ከተቋማቱ ጋር ከተደረገ ውይይት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ፤ የግል ተቋማት ግን ከመምህራን ትምህርትና ከሕግ ትምህርት እንዲወጡ ተደረገ። ለአንድ የመምህርነት ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገሪቱ በርቀት ሊሰጥ ይችላል ብላ ከተቀበለችው ትምህርት ውስጥ እንኳ መምህርነትን ለይታ በሌላ ዓይን አይታዋለች ማለት ነው። በመመሪያው መስማማት ወይም አለመስማማት ይቻላል፤ ከጀርባው ያለው ጥያቄ ግን ትክክል ነው። ማስተማር የሚለመደው ሰው ፊት ቆሞ ነው፤ ታዲያ በርቀት የተማረው መምህር ሰው ፊት ሲቆም ማን አይቶታል?

የእኔ ትውልድ ይህን ከራሱ ልምድ ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባም አልቀረም ነበር። መምህሩ ከማያ ገጹ ላይ ሆኖ በጥሩ እንግሊዝኛ ያስረዳል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ “በጣም ጥሩ” ብሎ ይቀጥላል። ከስልሳዎቻችን አንዳችንም አልመለስንም። መምህሩ ዕውቀት አልጎደለውም፤ እኛን ማየት ግን አይችልም ነበር። እንግሊዝኛ መምህር ልሁን ብዬ የወሰንሁት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ከስክሪኑ አጠገብ ቆማ የቀረውን በራሷ ቃል የምታስረዳን መምህርታችን ስላለችን።

ወረቀቱን የሚያነበው ማን ነው?

ወደ ምርጫዬ ልመለስ። ውጭ አገር ለማስተማር የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ዲግሪውን የሚያስነብበው ለራሱ አገር ብቻ አይደለም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ሚኒስቴር፣ ቀጣሪው ትምህርት ቤት ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ያነቡታል። እኔ ይህን ሳላጣራ ነበር መግለጫዎቹን የሰበሰብሁት።

የመጀመሪያው ድንጋጤዬ ደቡብ ኮሪያ ነበረች። አገሪቱ ለውጭ ቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ቪዛ ለእንግሊዝኛ መምህርነት በመሠረቱ የሚፈቅደው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። ለዚህ ቪዛ የትኛውም ሁለተኛ ዲግሪ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትን አይተካም። ሌሎች ብዙ ማስታወቂያዎችም ሕግ ሳይጠቅሱ “አፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ የሆነ” ይላሉ።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ለማንበብ ስሞክር ወደ ኡጋንዳ ወሰደኝ። እ.ኤ.አ. በ1961 በማኬሬሬ የኮመንዌልዝ አገሮች የእንግሊዝኛ ማስተማር ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ሮበርት ፊሊፕሰን በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከዚያ ጉባኤ የወጡ አምስት እምነቶች መስኩን ለዐሥርት ዓመታት እንደገዙት ይከራከራል። ከአምስቱ አንዱ፣ ከሁሉ የተሻለው የእንግሊዝኛ መምህር አፉን በእንግሊዝኛ የፈታው ነው የሚለው ነው። ፊሊፕሰን ይህን የተሳሳተ እምነት ይለዋል። ሃንጋሪያዊው ፒተር ሜድጌሽ ደግሞ በ1994 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ቋንቋውን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የተማረ መምህር የራሱ ጥንካሬ እንዳለው አሳይቷል፦ ተማሪው የሚሰናከልበትን ቦታ ያውቀዋል፤ ራሱ ተሰናክሎበታልና።

የእኛ አገር ታሪክ በዚህ ክርክር ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ማንዴላ ከኮልፌ በወጡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ገቡ፤ አብዛኞቹም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሆኑ። ከህንድ የመጡ መምህራንም በየአውራጃው ነበሩ። እንግሊዝኛን የሚያስተምር ሰው ከውጭ ስናስመጣ የኖርን ሕዝብ ነን። አሁን ግን እንደ ጓደኛዬ ያሉ መምህራን ከእኛ ወደ ሌላ አገር መሄድ ጀምረዋል። ጓደኛዬ ሐርጌሳ ስትቀጠር የተጠየቀችው ዲግሪዋንና ልምዷን ነው፤ አፏን የፈታችበት ቋንቋ አልተጠየቀም።

ሁለተኛው ድንጋጤዬ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ነበሩ። እዚያ የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ለእንግሊዝኛ መምህራን ጥሩ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ሁለተኛ ዲግሪም ይጠይቃሉ። ይሁንና ከማስታወቂያዎቹ ብዙዎቹ በርቀት ወይም በኢንተርኔት የተገኘ ዲግሪ እንደማይቀበሉ በአንድ መስመር ይጽፋሉ። ያ መስመር ብዙ ጊዜ ከገጹ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስቱንም መግለጫዎች ሰብስቤ ካስቀመጥሁ በኋላ ነበር ያነበብሁት።

በአገር ውስጥም ከውጭ ተቋም የተገኘ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ያስፈልገዋል። ተመልሼ እዚህ ብሠራስ? የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን መተው አይቻልም ነበር። ስኮላርሺፕም ቢሆን መንገዱ ጠባብ ነው። የብሪታንያ መንግሥት የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ በርቀት የሚሰጥ ትምህርትን አይሸፍንም። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ ለኬንያዊና ለኡጋንዳዊ ክፍት ነው፤ ኢትዮጵያ ግን የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ለእኛ አይደርስም። ስለዚህ የሚከፈለው ከራስ ኪስ ነው።

ስታስተምሪ ማን ያይሻል?

በግንቦት መጨረሻ ላይ ሦስቱን መግለጫዎች ይዤ ወደ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ሄድሁ። ጋሼ ብዬ የምጠራቸው እኚህ ሰው ሠላሳ ሰባት ዓመት አስተምረዋል፤ ለመጨረሻዎቹ ዓመታት የእኛ ትምህርት ቤት የቋንቋ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ራሳቸው እንግሊዝኛ የተማሩት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ላይ ከአንድ የሰላም ጓድ መምህር ነው።

መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም አንድ በአንድ አነበቡ። ዋጋውን አልጠየቁኝም። የዩኒቨርሲቲዎቹንም ስም አልተናገሩም።

“ልጄ፣” አሉኝ ሲጨርሱ፣ “ስታስተምሪ ማን ያይሻል?”

“ጋሼ፣ በርቀት ነው እኮ። ጽሑፍ እየጻፍሁ እልካለሁ፤ እነሱ ያርማሉ።”

“ጽሑፍሽን ያያሉ። አንቺንስ?”

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ቀጠሉ፤ “እኔ ሥራ በጀመርሁ ዓመት አንድ ሱፐርቫይዘር መጡና ከኋላ ተቀመጡ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ስወጣ፣ ‘ጥሩ ትናገራለህ፤ ለማን እንደምትናገር ግን አላየሁም’ አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።”

ቤት ተመልሼ መግለጫዎቹን በዚህ ዓይን ደግሜ አነበብኋቸው። ርካሹ ፕሮግራም ስምንት ኮርስና አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበረው፤ የማስተማር ልምምድ የሚል ቃል የለበትም። ስሙ የገነነው ስለ ቋንቋ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ ብዙ ኮርስ ነበረው፤ ጠይቄ ስጽፍ ግን በርቀት ለሚማሩ ሰዎች የማስተማር ልምምድ እንደማያካትት በትሕትና መለሱልኝ። ሦስተኛው፣ ያ ወደ ጎን ያደረግሁት፣ ተማሪው ከገዛ ክፍሉ አራት ክፍለ ጊዜ በቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክና ልምድ ያለው አንድ የአካባቢ መምህር በአካል ተገኝቶ እንዲያየው ይጠይቅ ነበር። መጀመሪያ ያስቀረሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ ጣጣ መስሎኝ።

በመስኩ ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። ካምብሪጅ የሚያረጋግጠው ሴልታ የተባለው የመምህርነት ሰርተፊኬት ከሁለተኛ ዲግሪ በብዙ ያነሰ ነው፤ የሚወስደው 120 ሰዓት ያህል ነው። ሆኖም ሠልጣኙ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ስድስት ሰዓት ሲያስተምር በገምጋሚ መታየት አለበት። ብዙ ቀጣሪዎች ከሁለተኛ ዲግሪ ጋር ይህን ሰርተፊኬት የሚጠይቁትም ለዚህ ነው፤ አንዱ የሚያውቀውን ያሳያል፣ ሌላው ያን ዕውቀት ክፍል ውስጥ እንዳዋለው ያሳያል። ስለ ርቀት ትምህርት በስፋት የጻፈው ማይክል ሙርም፣ በርቀት ትምህርት ወሳኙ ርቀት የኪሎ ሜትር አይደለም፤ በአስተማሪና በተማሪ መካከል ያለው የውይይት መጠንና የትምህርቱ አወቃቀር ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ሦስቱም ፕሮግራሞች ከአየር ጤና እኩል የራቁ አልነበሩም።

አርባ ደቂቃ

ጋሼ አንድ ነገር እንድሞክር መከሩኝ። “ለማንም ሳትልኪ አንድ ክፍለ ጊዜ ቅረጪ። ካሜራውን ግን ወደ አንቺ አታዙሪው፤ ወደ ልጆቹ አዙሪው።”

ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ ለተማሪዎቼም ነግሬ፣ በሰኔ መጀመሪያ ላይ ስልኬን ከሰሌዳው አጠገብ አቁሜ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ቀረጽሁ። ቪዲዮውን ካየሁት በኋላ አጥፍቼዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ 62 ተማሪዎች ነበሩ።

ማታ እናቴ ከተኛች በኋላ እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ ተመለከትሁት። ከአርባው ደቂቃ ሃያ ዘጠኙን የተናገርሁት እኔ ነበርሁ። በስም የጠራኋቸው ሰባት ተማሪዎች ናቸው፤ ሰባቱም ከፊተኛዎቹ ሦስት ረድፎች። በመጨረሻው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንዲት ልጅ በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ እጇን አወጣች። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞሬ እጽፍ ነበር። እጇን አወረደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግማ አወጣች፤ አወረደች። ሦስተኛ ጊዜ ስታወጣ ፊቴ ወደ ተማሪዎቹ ነበር፤ እኔ ግን ከፊት ያለውን ልጅ ጠራሁ። ከዚያ በኋላ እጇን አላወጣችም።

ቪዲዮውን አቆምሁት። ያቺን ልጅ ስምንት ወር አስተምሬያታለሁ። ስሟን ከስም መጥሪያው አውቀዋለሁ። ድምፅዋን ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም።

የፕላዝማው መምህር እኛን አያየንም ነበር፤ ምክንያት ነበረው። እኔ ግን ዐሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሜ አላየኋትም።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 ከፍ ብሏል። ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ በአንድ የትምህርት ዓይነት ላይ ልጥለው አልችልም። ግን እያንዳንዱ የፊዚክስና የታሪክ ጥያቄ በእኔ የትምህርት ዓይነት በኩል እንደሚያልፍ ማንም መምህር ያውቃል። እጇን ሦስት ጊዜ አውጥታ ያወረደች ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያ ፈተና ላይ ትቀመጣለች።

ያን ምሽት የሁለተኛ ዲግሪው ትርጉም ተለወጠብኝ። እስከዚያ ድረስ ዲግሪውን የማየው እንደ መውጫ ወረቀት ነበር። ሌላ አገር ሄጄም ከሰሌዳው ፊት ለፊት የምቆመው ይህችው እኔ መሆኔን አላሰብሁም ነበር። ሐርጌሳም ሆነ ሌላ ቦታ፣ የመጨረሻ ረድፍ የሌለው ክፍል የለም።

ያስከፈለኝ

ውሳኔው ግን በአንድ ምሽት አልመጣም። ስሙ የገነነው ፕሮግራም ልቤን ይጎትተው ነበር። በሰኔ መጨረሻ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የገባሁበት እቁብ ወጣልኝ፤ ከቁጠባዬ ጋር ተደምሮ ለመጀመሪያው ክፍያ፣ ወደ 1500 ዶላር ለሚጠጋው፣ በቂ ነበር። በጊዜው የባንክ ምንዛሪ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር ከ85 ሺህ ብር ትንሽ በለጥ ይላል። ሐምሌን በሙሉ ሳመነታ አሳለፍሁ። ዝናው ወይስ ልምምዱ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ያው 1500 ዶላር ከ150 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ገንዘቤ እዚያው ባንክ ውስጥ ነበር፤ አንድ ብር አልጎደለም፤ ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ የቀረ ያህል ነበር።

እናቴ ነገሩን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ “በሐምሌ መጀመሪያ ብትከፍዪው ኖሮ በማያይሽ ሰው እጅ ነበር፤” አለችኝ። ስለ ጋሼ ጥያቄ ነግሬያት ነበር። ማጽናኛ ይሁን ተግሣጽ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

በነሐሴ ሦስተኛውን ፕሮግራም መረጥሁ። የምንዛሪው ለውጥ ዝነኛውን ከአቅሜ በላይ ስላደረገው ነው ቢባል ከእውነቱ አንድ ክፍል ነው፤ ርካሹ ግን አሁንም ከሁሉ ይልቅ ለአቅሜ ይቀርብ ነበር። ሦስተኛው የሚከፈለው በየኮርሱ ስለሆነ በዓመት ሁለት ኮርስ ብቻ እወስዳለሁ። በሁለት ዓመት ልጨርሰው ያሰብሁት ትምህርት አራት ዓመት ሊወስድ ነው። የባሕረ ሰላጤው በርም በዚህ ዲግሪ እንደማይከፈትልኝ አውቄ ነው የገባሁት። ይህን ሳላውቅ ብገባ ኖሮ ምርጫ ሳይሆን አደጋ ይሆን ነበር።

ለሚመርጥ ሰው አራት ጥያቄዎች

ተመሳሳይ ምርጫ ላይ ያሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስላሉ፣ እኔ በተሳሳተ ቅደም ተከተል የጠየቅኋቸውን ጥያቄዎች አሁን በማምንበት ቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ተማሪውን ሲያስተምር ያየዋል? በቪዲዮ፣ በአካባቢ አማካሪ ወይም በአጭር ጊዜ የገጽ ለገጽ ቆይታ ሊሆን ይችላል። መልሱ “አያይም” ከሆነ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ የታየ ልምምድ ከየት እንደሚገኝና ምን እንደሚያስከፍል አብሮ ማስላት ይገባል።

ሁለተኛ፣ ልሄድበት የማስበው አገር በርቀት የተገኘ ዲግሪን ይቀበላል? ዜግነትንስ ይመለከታል? ይህ ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከዚያ አገር የቪዛ ሕግና ከቀጣሪዎቹ ማስታወቂያ መነበብ አለበት። ዩኒቨርሲቲው የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ አገር ብመለስ ወይም ጭራሽ ባልሄድ ዲግሪው የአቻ ግምት ያገኛል? ይህን ከመመዝገብ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ቀርቦ መጠየቅ ይቻላል።

አራተኛ፣ ክፍያው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየኮርሱ? ምንዛሪ በሚለዋወጥበት ጊዜ በየኮርሱ መክፈል ዋጋው ሲጨምር ቆም ብሎ ለማሰብ ዕድል ይሰጣል፤ ቀድሞ መክፈል ደግሞ ዋጋውን ይቆርጣል። ሁለቱም ጥቅምም ጉዳትም አላቸው፤ ማመንታት ግን ጉዳት ብቻ ነው።

ለመስኩ ተመራማሪዎችም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወደ ጎረቤት አገሮች ሄደው እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን መምህራን ምን ዓይነት ዲግሪ ይዘው እንደሄዱ፣ ቀጣሪዎቻቸው ምን እንደጠየቋቸውና ከክፍል ውስጥ ዝግጅታቸው የትኛው እንደጠቀማቸው መጠናት አለበት። ስለ አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚደረገው ክርክር እስካሁን በአብዛኛው ከአውሮፓና ከእስያ ልምድ የተነሣ ነው። የአፍሪካ ቀንድ መምህራን በዚህ ላይ የሚጨምሩት አላቸው።

መደምደሚያ

ዛሬ ከስምንቱ ኮርሶች ሦስቱን ጨርሻለሁ። የአካባቢ አማካሪ ሆነው የተመዘገቡልኝ ጋሼ ናቸው፤ በየወሩ አንድ ቀን ከዘነበ ወርቅ በታክሲ መጥተው፣ በትሩን ከዴስኩ አስደግፈው፣ ከመጨረሻው ረድፍ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጣሉ። ማስታወሻቸውን በአማርኛ ይጽፋሉ፤ እኔ ተርጉሜ ከቪዲዮው ጋር እልከዋለሁ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የጻፉት፣ “አሁንም ትቸኩያለሽ። ከጠየቅሽ በኋላ እስከ አምስት ቁጠሪ” የሚል ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣው የአስተማሪዬ አስተያየት በሌላ አባባል ያንኑ ይላል።

ውጭ አገር ሄዶ የማስተማር ሐሳቤን አልተውሁም። ዲግሪውን ስጨርስ ሠላሳዎቹን ጀምሬ እገኛለሁ፤ ወንድሜም ያን ጊዜ ሥራ ይይዛል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያው ድረስ በየክፍለ ጊዜው ትምህርት የምጀምረው ከኋላው ረድፍ ነው። ያቺ ልጅ ዐሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ የእኔ ተማሪ አይደለችም። በኅዳር አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝታኝ፣ ለክርክር ክበብ ልመዝገብ ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ዓረፍተ ነገሩ ላይ አንድ ስሕተት ነበረበት። አላረምኋትም፤ እስከ አምስት ቆጠርሁ፤ ራሷ አስተካከለችው።